ስለ ቁማር ሕግና ስለ አንጎል ምርመራ

ሰው ገንዘቡን በሚያወጣበት ጊዜ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን አግብቶ የሚበልጠውን መርጦ ይይዛል የሚለው አሳብ፥ በኤውሮፓና በአሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ዘንድ ለብዙ ዘመን እንደ መሠረት ድንጋይ ሆኖ ኖሯል። ሊቃውንቱ ይህን አሳብ የተከሉት ሰው ሁሉ ዐዋቂ ነው ለማለት አይደለም፤ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድነት ለመቍጠርና የገበያን አካሄድ አስቀድሞ ለመገመት የሚመች ሆኖ ስላገኙት ነው እንጂ። የትምህርቱ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እንኳ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1776 ስለ መንግሥታት ሀብት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ከማውጣቱ አስቀድሞ፥ በ1759 ስለ ሰው ስሜትና ስለ ግብረ ገብ ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን አብዛኞቹ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዘው የፊተኛውን በመደርደሪያ ላይ ተዉት። (ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ አሳብ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሕግ አውጪዎች ጉባኤ በገባ ጊዜ አንድ ትልቅ ደንብ ወልዷል፤ ይኸውም ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በገዛ ገንዘቡ የወደደውን ቢያደርግ፥ የሚሸጥለትም ነገር በግልጥ ተጽፎ ቢሰጠው፥ ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ጉዳት የራሱ ነው የሚል ነው። የብድር ውልም፥ የመድን ውልም፥ የቁማር ቤት ፈቃድም በዚህ ደንብ ላይ የቆሙ ናቸው። ደንቡ ከንቱ አይደለም፤ ሰውን እንደ ሕፃን ከመቍጠር ያድናልና። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ውስጥ የሰውን አንጎል የሚመረምሩ ሐኪሞችና የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአንድነት እየሠሩ ያገኙት ነገር፥ ደንቡ የሚያስበው ሰውና በገበያ ላይ የሚገኘው ሰው በብዙ ነገር እንደሚለያዩ ያስረዳል። ይህንም ከሁሉ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳየው የቁማር ነገር ነው። በሌላው ግዢ ሁሉ በሰውየውና በገንዘቡ መካከል እህል ወይም ልብስ ወይም ቤት አለ፤ በቁማር ግን በመካከል ምንም ዕቃ ስለሌለ፥ ፈቃድና ገንዘብ ብቻቸውን ፊት ለፊት ቆመው ይታያሉ።

የምርመራው መጀመሪያ የተደረገው በጦጣ ላይ ነው። ዎልፍራም ሹልትስ የተባሉት ሊቅ በስዊስ አገር በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፥ እጅግ ቀጭን ሽቦ ወደ ጦጣ አንጎል አግብተው፥ ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም የሚሠሩት ሕዋሳት መቼ እንደሚነሣሡ ይጠባበቁ ነበር። ጦጣው ሳያስበው የፍሬ ጭማቂ በአፉ ጠብ ባለለት ጊዜ ሕዋሳቱ ተነሣሡ። ቀጥሎም ጭማቂው ከመምጣቱ አስቀድሞ ምልክት የሚሰጥ ብርሃን እንዲበራ ተደረገ። ጦጣው ይህን ከለመደ በኋላ ሕዋሳቱ ብርሃኑ ሲበራ ይነሣሣሉ እንጂ ጭማቂው በመጣ ጊዜ ዝም ይላሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሦስተኛው ነው፤ ብርሃኑ በርቶ ጭማቂው በቀረ ጊዜ፥ ሊመጣ ይገባው በነበረበት በዚያው ደቂቃ ሕዋሳቱ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ብለው ተገኙ።

ሹልትስ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር ሆነው በ1997 ባወጡት ጽሑፍ የዚህን ፍች ሰጡ። ሕዋሳቱ የሚናገሩት ስለ ደስታ አይደለም፤ በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ስላለው ልዩነት ነው። አንድ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ወደ ግምጃ ቤቱ የገባውን ብር ሁሉ መጻፉን ትቶ፥ ከታሰበው የበለጠውንና ከታሰበው የጐደለውን ብቻ ቢጽፍ የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ ሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ለፍጥረት ሁሉ ይጠቅማል፤ ንብ የትኛው አበባ ማር እንዳለው፥ እረኛም የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ የሚማሩት ግምታቸውን ባገኙት እያረሙ ነውና። ሰው አንድን ነገር ፈጽሞ ባወቀው ጊዜ ግምቱና ውጤቱ ስለሚገጥሙ መዝገቡ ዝም ይላል።

የቁማር መኪና ግን ይህ መዝገብ ከቶ ዝም እንዳይል ሆኖ የተሠራ ነው። ውጤቱ በዕጣ የሚወሰን ስለሆነ ሺህ ጊዜ ቢጫወቱበት የሚማሩት ነገር የለም፤ የሚማሩት ስለሌለም ግምትና ውጤት አይገጥሙም። በ2003 ሹልትስና ባልንጀሮቻቸው ባሳተሙት ሌላ ምርመራ፥ ጭማቂው የመምጣቱና የመቅረቱ ነገር እኩል በእኩል በሆነ ጊዜ፥ ማለት ምንም ለማወቅ በማይቻልበት ጊዜ፥ ከምልክቱ እስከ ውጤቱ ባለው መካከል የሕዋሳቱ መነሣሣት እየጨመረ እንደሚሄድ ታይቷል። እንግዲህ የቁማርተኛው ልብ መንኰራኵሩ በሚዞርበት ጊዜ የሚሰቀለው ገንዘቡን ስላገኘ አይደለም፤ ገና አላገኘምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የቁማር መኪና ሠሪዎች ከሊቃውንቱ አስቀድመው በልምድ ያወቁት ነው። በመንኰራኵሮቹ ላይ ተመሳሳይ ሥዕሎች በአንድ መስመር ከቆሙ ተጫዋቹ ያሸንፋል። አንደኛው ሥዕል ከመስመሩ አንድ እርምጃ ብቻ አልፎ ወይም ሳይደርስ ቢቆም ግን፥ በሒሳብ በኩል ሽንፈቱ እንደ ማንኛውም ሽንፈት ነው፤ ለሚቀጥለውም ጨዋታ ምንም አይነግርም። ቀስት ወርዋሪ ዒላማውን ለጥቂት ቢስት እጁ እየለመደ መሆኑን ያስረዳል፤ በመኪና ቁማር ለጥቂት መሳት ግን እንደዚያ ያለ ትርጕም የለውም። ሉክ ክላርክ የተባሉት የካምብሪጅ መርማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ባወጡት ምርመራ ይህን በጤነኛ ሰዎች ላይ ሞከሩት። ሰዎቹ ለጥቂት በሳቱ ጊዜ ይልቁን እንደሚከፋቸው ተናገሩ፤ ዳሩ ግን ሥዕሉን ራሳቸው የመረጡት ሆነው ለጥቂት ሲስቱ ዳግመኛ የመጫወት ፍላጎታቸው ጨመረ። በኤምአርአይ መሣሪያ አንጎላቸው ሲታይም፥ በእውነት ባሸነፉ ጊዜ ከሚነሣሡት ክፍሎች አንዳንዶቹ ለጥቂት በሳቱ ጊዜም ተነሣሡ። መክፋትና መፈለግ በአንድ ሰው በአንድ ደቂቃ አብረው መገኘታቸውን ሕግ አውጪ ሊያስተውለው ይገባል፤ ሰው የሚገዛው የሚያስደስተውን ነው የሚለው የቀድሞው ትምህርት ለእንዲህ ያለው ነገር ቦታ የለውምና።

ከተነሣሡት ክፍሎች አንዱ ኢንሱላ ይባላል። ይህ ክፍል ከሆድ፥ ከልብ ትርታና ከሌላውም የውስጥ አካል የሚመጣውን ስሜት የሚቀበል ነው። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ብዙ አይደነቅም፤ ውሳኔን ከጥንት ጀምሮ በራስ ቅል ውስጥ ብቻ አላኖረውምና። አላምን ሲል ሆዴ አልወደደውም ይላል፤ ሲራራ አንጀቴ አልቻለም፥ ሲቆርጥም ልቤ ቆረጠ ይላል። ክላርክ በአሜሪካ ከአዮዋ ሊቃውንት ጋር ሆነው በ2014 ባወጡት ምርመራ፥ በበሽታ ወይም በአደጋ ኢንሱላቸው የተጐዳባቸውን ሰዎች አጫወቱ። እነዚህ ሰዎች ለጥቂት መሳት እንደ ሌላው ሰው አላነሣሣቸውም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ከወጣ አሁን ጥቍር ሊወጣ ይገባዋል በሚለው በተለመደው የቁማርተኛ ስሕተትም አልወደቁም።

አንድ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ፥ እንግዲያስ ስሜት ጠላት ነው፥ ስሜት የሌለው ሰው ገንዘቡን በመልካም ይጠብቃል ይል ይሆናል። የአዮዋ ሊቃውንት አስቀድመው በ1994 ያሳተሙት ምርመራ ይህን አሳብ አፍርሶታል። አንትዋን ቤሻራና አንቶኒዮ ዳማስዮ ከባልንጀሮቻቸው ጋር አራት የካርታ ክምር አቅርበው፥ ለተጫዋቹ 2000 የጨዋታ ዶላር አበደሩት። ከሁለቱ ክምሮች የሚመዘዘው እያንዳንዱ ካርታ 100 ዶላር ይሰጣል፤ ነገር ግን በየአሥሩ ካርታ 1250 ዶላር ያስቀጣል። የሁለቱ ክምሮች ካርታ ደግሞ 50 ዶላር ብቻ ይሰጣል፤ ቅጣቱ ግን በየአሥሩ ካርታ 250 ዶላር ነው። የፊተኞቹ በአሥር ካርታ 250 ዶላር ያከስራሉ፥ የኋለኞቹ ያንኑ ያህል ያተርፋሉ ማለት ነው። ጤነኞቹ ጥቂት ከተጐዱ በኋላ ወደ ትንሹ ትርፍ ዘወር አሉ። ከግንባር በስተኋላ ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል የተጐዳባቸው በሽተኞች ግን፥ ማሰብና መናገር ሳይጐድላቸው፥ በሚያከስረው ክምር ላይ ቆዩ። የእጃቸው ላብ ሲለካም፥ ጤነኞቹ ወደ ክፉው ክምር እጃቸውን ሲዘረጉ አስቀድሞ ሰውነታቸው ይሠጋል፤ በሽተኞቹ ግን አይሠጉም ነበር። በኋላ የተነሡ መርማሪዎች ጤነኞቹ ከሥጋታቸው በቀር በአእምሯቸውም ቀደም ብለው ነገሩን እንዳወቁት በማስረዳት የፊተኞቹን ፍች አርመዋል፤ ይሁን እንጂ ሥጋት የሌለው ሰው መልካም ቈጣሪ አለመሆኑ እንደ ጸና ነው። ስሜት የሚያስተውን ያህል ያድናልም፤ ጥያቄው ማን ምን አድርጎ እንደሚያነሣሣው ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ የሚያዙ ሰዎች ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ስለሚሞቱባቸው፥ ሐኪሞች በዶፓሚን ፋንታ የሚሠራ መድኃኒት ይሰጧቸዋል። መድኃኒቱ ሰውነትን ያላውሳል፤ ነገር ግን ከሚወስዱት አንዳንዶቹ፥ በዕድሜያቸው ሁሉ ቁማር ያልነኩ ጨዋ ሽማግሌዎች፥ የጡረታቸውን ገንዘብ በቁማር ቤት ሲያፈስሱ ተገኙ። በአሜሪካና በካናዳ በ3090 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2010 በታተመው ምርመራ፥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ከሚወስዱት ከመቶ 17 ያህሉ በቁማር ወይም ያለ ልክ በመግዛት ወይም እነዚህን በመሰለ ራስን አለመግዛት ተይዘው ተገኝተዋል፤ ከማይወስዱት ግን ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲተው ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ይመለሳሉ። ሰውየው ያው ነው፤ ትምህርቱም፥ ምግባሩም፥ የቤተ ሰቡም ፍቅር ያው ነው። ይህን የሰሙ ዳኞችም ሆኑ የንስሐ አባቶች ስለ ፈቃድና ስለ ጥፋት የሚጠይቁት ጥያቄ ቀላል አይሆንም። ነገር ግን ከመቶው 83ቱ ያንኑ መድኃኒት ወስደው እንዳልወደቁ ደግሞ መዘንጋት አይገባም። ቅመሙ ሰውን በግድ እየጐተተ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በወደቁ ነበር።

ይህን ሁሉ የማይቀበሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ፋሩክ ጉልና ቮልፍጋንግ ፔሰንዶርፈር የተባሉት የፕሪንስተን መምህራን በ2008 በታተመው ጽሑፋቸው፥ የኢኮኖሚ ትምህርት የሚጠይቀው ሰው ምን እንደመረጠ ነው፤ ሲመርጥ በራስ ቅሉ ውስጥ የትኛው ሥፍራ እንደተነሣሣ ማወቅ ለትምህርቱ ምንም አይጨምርም ብለዋል። የአንጎልን ሥዕል ከሚያነሡትም ወገን ራሳቸው ያስጠነቀቁ አሉ። በ2009 በአሜሪካ የተነሡ መርማሪዎች አንድ የሞተ ሳልሞን ዓሣ በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አግብተው፥ የሰዎችን ፎቶግራፍ እያሳዩት፥ ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁት። የሚያስፈልገው የቍጥር እርማት ሳይደረግ ቢቀር፥ የሞተው ዓሣ አንጎል የሚያስብ መስሎ ታየ። ይህንም ያደረጉት ለቀልድ አልነበረም፤ ብዙ ባልንጀሮቻቸው ያን እርማት ሳያደርጉ ጽሑፍ ያሳትሙ ስለነበር ነው። ከዚህም በቀር፥ ኢንሱላ በሕመምም፥ በመጸየፍም፥ በሌላም ብዙ ነገር ይነሣሣልና፥ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ሰውየው ተጸየፈ ወይም ጓጓ ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ ሥዕል ይዞ የሚመጣ ነጋዴም ሆነ አማካሪ ሁሉ ሊታመን አይገባውም። የጉልና የፔሰንዶርፈር ክርክር ግን ለኢኮኖሚ መምህር የሚበቃውን ያህል ለሕግ አውጪ አይበቃም። መምህሩ ሰው ምን እንደመረጠ ካወቀ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል፤ ሕግ አውጪው ግን የመምረጫው ሥፍራ እንዴት እንደተሰናዳ መጠየቅ አለበት፤ መኪናውን የሠራው ሰው አስቀድሞ ጠይቆታልና። በአሜሪካ በኔቫዳ የሆነው ለዚህ አስረጅ ይሆናል። የዚያ አገር የቁማር ተቆጣጣሪዎች በ1989፥ መኪናው ተጫዋቹ መሸነፉን ከወሰነ በኋላ ሆን ብሎ ለጥቂት የሳተ አስመስሎ እንዳያሳይ ከለከሉ። ነገር ግን በ1984 በወጣ ሌላ የፈጠራ መብት፥ በዓይን የሚታየው መንኰራኵር ጥቂት ሥዕል ሲኖረው፥ በስተውስጥ ውጤቱን የሚወስነው የቍጥር መዝገብ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ከትልቁ ሽልማት በላይና በታች ላለው ባዶ ሥፍራ ብዙ ቍጥር ቢመደብለት፥ ሽልማቱ ዕጣው በራሱ ከሚያደርሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ለጥቂት የሳተ ሆኖ ይታያል። ይህኛው ሳይከለከል ቀረ። ሕጉ አንዱን በር ዘጋ፥ ውጤቱ በሌላው በር ገባ።

በዚህ ነገር ብዙ ርቃ የሄደችው እንግሊዝ ናት፤ የሄደችበትም መንገድ በስሕተት የጀመረ ስለሆነ ለሌላው ይጠቅማል። በ2005 የወጣው የቁማር ሕግ በእያንዳንዱ የውርርድ ሱቅ ውስጥ ከአራት መኪና በላይ እንዳይቆም ወሰነ። ሕግ አውጪዎቹ የመኪናውን ቍጥር በመገደብ ጉዳቱን የገደቡ መሰላቸው። ነጋዴዎቹ ግን መኪናው በሱቅ ከተቈጠረ ሱቁን ማብዛት ነው ብለው፥ በአንድ መንገድ ላይ፥ ያውም በድኾች ሰፈር፥ ሱቅ በሱቅ ላይ ከፈቱ። በመኪናው ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ፓውንድ ማስያዝ ይቻል ነበር፤ መኪናውም በየ20 ሴኮንዱ ውጤት ይሰጥ ነበር። ሕጉ የመኪናውን ብዛት ሲቈጥር ፍጥነቱን ሳያይ ቀርቶ ነበር፤ የሹልትስ ሕዋሳት የሚያውቁት ግን ፍጥነቱን ነው። ለጦጣው ብርሃኑና ጭማቂው በየወሩ አንድ ጊዜ ቢመጡለት ኖሮ ያን የመሰለ ልማድ ባልተከለ ነበር።

ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በ2018 የመኪናውን ማስያዣ ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ ለማውረድ ወሰነ። የሥራ ላይ መዋያው ቀን ወደ ኋላ እንዲቆይ በተደረገ ጊዜ፥ ነገሩን ይዘው የነበሩት የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከዚህም በኋላ ቀኑ ወደ ፊት ቀርቦ ደንቡ በሚያዝያ 2019 ሥራ ላይ ዋለ። የገንዘብ ሚኒስቴር የሚጐድልበትን ግብር ለመሙላት በኢንተርኔት ቁማር ላይ የተጣለውን ቀረጥ ከመቶ 15 ወደ ከመቶ 21 ከፍ አደረገው። ይህ የመጨረሻው ነገር ስለ ቁማር በሚደረግ ንግግር ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ የመንግሥት ገቢና የሰው ጉዳት ከአንድ ምንጭ በሚቀዱበት ሥፍራ ግን የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ካልተስማማ የጤና ሐኪሙ ምክር አይፈጸምም። እውነቱን ለመናገር፥ ያን ጊዜ ጉባኤውን ያንቀሳቀሰው የአንጎል ሥዕል አልነበረም። ሀብታቸውን ያጡ ሰዎችና ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች የሰጡት ምስክርነት ነው። የአንጎል ምርመራ ያገለገለው፥ ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው የሚለውን መልስ በማሳነስና መኪናው ራሱ እንዲመረመር በማድረግ ነው።

የምርመራው ፍሬ በግልጥ የታየው ከዚያ በኋላ በጥቅምት 2021 በጸናው ደንብ ነው። የእንግሊዝ የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ለሚጫወቱት መኪናዎች፥ ከአንዱ ዙር እስከ ሌላው ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል እንዲያልፍ አዘዘ፤ መኪናው በራሱ እየዞረ እንዲጫወት ማድረግንም ከለከለ። ከዚህ በቀር ያስያዘውን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ለተመለሰለት ሰው፥ እንዳሸነፈ አስመስሎ ደወል መደወልና ብርሃን ማብራት ተከለከለ። በካናዳ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ እንዲህ ያለው በአሸናፊነት የተሸፋፈነ ኪሣራ በሰውነት ላይ እንደ እውነተኛ ማሸነፍ እንደሚሠራ ቀደም ብሎ በ2010 አሳይቶ ነበር። አንድ ብር አስይዞ ሠላሳ ሣንቲም የተመለሰለት ሰው ሰባ ሣንቲም ከሥሯል፤ ደወሉ ግን እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ደንቡ ማንንም ሰው እንዳይጫወት አልከለከለም፥ የማንንም ገንዘብ አልቈጠረም። የከለከለው መኪናው እንዳይዋሽ ነው። ስለ ነጻነት የሚጨነቁ ሰዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህን ሊቃወሙት የሚችሉበት ምክንያት ያለ አይመስልም።

በ2025 ደግሞ በእነዚሁ የኢንተርኔት መኪናዎች ላይ የአንድ ዙር ማስያዣ ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ፥ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ለሆኑት ግን ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለወጣቶቹ የተለየ ወሰን መደረጉ ከአንጎል ትምህርት ጋር ይስማማል፤ ራስን መግዛትን የሚያግዘው የግንባር አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ግድም እያደገ እንደሚሄድ ታውቋልና። ሕግ ሰውን በ18 ዓመቱ ሙሉ ሰው ይለዋል፤ ይህም ስለ ብዙ ነገር ይገባል። በአንድ ቀን ውስጥ ግን ፈቃዱ ሁሉ አይበስልም።

በኢትዮጵያ የመንኰራኵር መኪና ነገር ብዙ አያነጋግር ይሆናል። ሕዝቡ ለረጅም ዘመን የለመደው የሎተሪ ቲኬት ነው፤ ገዢው ቲኬቱን በኪሱ ይዞ ዕጣው እስኪወጣ ቀናትና ሳምንታት ይጠብቃል፥ በዚያም መካከል እርሻውን ያርሳል፥ ንግዱን ይነግዳል። የሎተሪ ዕጣም ከቲኬት ገዢዎች አብዛኞቹን ባዶ እጃቸውን የሚያስቀር ነው፤ ነገር ግን የዝግታው ብዛት ራሱ ጠባቂ ነው። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በወጣቶች ዘንድ የተስፋፋው ግን በኤውሮፓ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ የሚደረገው ውርርድ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ስምንትና አሥር ግጥሚያ አሰልፎ ሁሉም እንደገመተው ከሆነለት ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ፥ አንዱ ከተበላሸበት ግን ሁሉን የሚያጣ ወጣት ብዙ ነው። ሰባቱ ገጥመው ስምንተኛው ሲበላሽ፥ በአንድ ጨዋታ ተበላሁ ይላል፤ አንድ ብቻ በመሆኑም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል። በካምብሪጅ ለጥቂት መሳት ተብሎ የተመረመረው ነገር ከዚህ ጋር ተመሳሳይነቱ ግልጥ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ይባስ ብሎ ተጫዋቹ በራሱ ዕውቀት የመረጠው ስለሆነ፥ ዕጣ ሳይሆን ችሎታ ይመስለዋል። በካምብሪጅም ቢሆን ፍላጎትን የጨመረው ሰውየው ራሱ በመረጠው ጊዜ እንደነበረ ከላይ ተነግሯል።

የውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የሚጠየቀው የካፒታሉ መጠን፥ የግብሩ ድርሻ፥ የቤቱም ከትምህርት ቤትና ከአምልኮ ሥፍራ መራቅ ነው። እነዚህ የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ስለ ቤቱ የሚጠይቁ ናቸው። ውርርዱ ወደ እጅ ስልክ ከገባ በኋላ ቤቱ የለም፤ የርቀቱም መለኪያ ሥራ ያጣል። በስልክም ላይ ግጥሚያው ሳያልቅ የሚቀጥለውን ግብ ማን ያገባል፥ የሚቀጥለውን የማዕዘን ምት ማን ይመታል እየተባለ መወራረድ ስለሚቻል፥ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የነበረው ዝግታ ወደ ጥቂት ደቂቃ ያጥራል። የእንግሊዝ የ2021ና የ2025 ደንቦች እንኳ ይህን አይነኩም፤ የተወሰኑት በሚዞረው መንኰራኵር ላይ ነውና። ከአንድ ውርርድ እስከ ሌላው ምን ያህል ጊዜ ሊያልፍ እንደሚገባ፥ ወጣቱም በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ሊያስይዝ እንደሚችል የሚቈጥር አንቀጽ በእግር ኳሱ ውርርድ ላይ ገና የሚጻፍ ነው።